ቃሬዛውን ስንት ሰው ይሸከማል?

የማሻ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር፣ በወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ መኪና በማይወርድበት ቆላ ሰው በጠና ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት አስቀድሞ የሚጠራው ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው፣ ነው። ጡሩንባ ይነፋል። አራሹ በሬውን ፈትቶ፣ አውድማ ላይ ያለው መንሹን ጥሎ ይመጣል። ቃሬዛ ይታሰራል። ከዚያ ማንም ትከሻውን ሳያስጠጋ የቅሬው ዳኛ ሰው ይቆጥራል። አራት ይሸከማል፣ አራት ለመቀያየር ይከተላል፣ አንድ ከፊት እየቀደመ ድንጋይ ያነሣል፣ ረግረጉንና ገደሉን ይናገራል። ዘጠኝ ሰው። ስድስት ከመጣ ዳኛው «ቆዩ» ይላል።

ልጅ ሆኜ ያንን «ቆዩ» እጠላው ነበር። አንድ ቀን ቃሬዛው ላይ የተኛችው አክስቴ ነበረች። እያቃሰተች ስድስት ጎረምሶች ቆመው ሦስት ሰው ሲጠብቁ ደሜ ፈላ። አባቴን «ስድስት ሰው አንሶ ነው?» አልኩት። «ስድስት ሰው ያነሣታል፤ አያደርሳትም» አለኝ።

ዛሬ ስለ ኤርፖርት የራምፕ ሠራተኞች ልጽፍ የተነሣሁት ያቺን የአባቴን ቃል ይዤ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ በአውሮፕላን ሥር የሚሠራው ሰው ቁጥር የደኅንነት ጉዳይ ነው። «ስድስት አይበቃም፤ ቆዩ» ብሎ ሳይቀጣ የሚናገር ሰው በሜዳው ላይ ከሌለ ደግሞ የሚወድቀው ተሸካሚው ብቻ አይሆንም። የታመመችውም ትወድቃለች። በቅሬ ያ ተናጋሪ ዳኛው ነው። በኤርፖርት ከሠራተኛ ማኅበር በቀር ማንም ሊሆን አይችልም።

ራምፕ የሚባለው አውሮፕላኑ ቆሞ መንገደኛ የሚወርድበት፣ ሻንጣ የሚራገፍበት፣ ነዳጅ የሚሞላበት፣ ምግብ የሚጫንበት ሜዳ ነው። ተሳፋሪ በመስኮት ያየናል። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰን፣ ጆሯችንን ደፍነን፣ በብርሃን ዱላ እንጠቅሳለን፣ ጎማ ሥር ታኮ እናስገባለን፣ ሻንጣ እንወረውራለን። «እንጠቅሳለን» ያልኩት በምክንያት ነው። ስሙን በማልጠራው የባሕር ማዶ ኤርፖርት፣ ስሙን ለማልጠራው የጭነት ኮንትራክተር አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ያላዩት እንዲያውቁት ሒሳቡን ልናገር። ቦይንግ 737 በመሰለ ጠባብ አውሮፕላን የሻንጣው ክፍል ሰው ቆሞ የሚሠራበት አይደለም። በጉልበትህ ተንበርክከህ፣ አንዳንዴም በጎንህ ተጋድመህ ነው የምትደረድረው። 150 መንገደኛ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይዟል እንበል። 6,900 ኪሎ ነው። በአገራችን ሚዛን 69 ኩንታል። አራት ሰው ከተካፈለው ለአንድ ሰው 17 ኩንታል ይደርሳል። ሁለት ሰው ከቀረ 34 ኩንታል፣ በጉልበትህ፣ ሰዓቱ ሳይጨመርልህ። ያ አንድ በረራ ነው፤ ከኋላው ሌላው እየመጣ ነው። እህል በረንዳ ለሚሠራ ጫኝ ይህን ብትነግሩት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያስረዳችኋል።

ድርጅቱ ሰው የሚቀንሰው በአዋጅ አይደለም። አንዱ ሲለቅ አይተካም። አንዱ ሲታመም «ለዛሬ ቻሉት» ይባላል። ለዛሬ የተባለው ለሳምንት ይሆናል፣ የሳምንቱ ለዓመት ይሆናል፣ ከዓመት በኋላ ሁለት ሰው «ሙሉ ቡድን» ተብሎ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከክንፉ ጫፍ ቆሞ «ና፣ ና፣ ቁም» የሚለው ሰው መጀመሪያ ይጠፋል፤ ሻንጣ ስለማያነሣ ሥራ ፈት ይመስላቸዋልና። ከቃሬዛው ፊት የሚሄደውን ሰው ቅሬ እንደማያስቀር እዚያ ያሉ አለቆች አያውቁም። ድንጋዩን የሚያየው እሱ ብቻ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። አንድ የክረምት ሌሊት፣ በረዶ እየጣለ፣ ለአራት ሰው ሥራ ሁለት ነበርን። እኔ ከውስጥ እደረድራለሁ፤ ባልደረባዬ ከታች ጋሪውን ራሱ ይጎትታል፣ ራሱ ይለጥቃል፣ ራሱ ያራግፋል። ጋሪው ተንሸራትቶ እግሩ ላይ ወጣ። ጩኸቱን በሞተሩ ድምፅ መካከል አልሰማሁትም፤ ያወቅሁት ሻንጣ መምጣቱን ሲያቆም ነው። በማግስቱ አለቃችን አንድ ወረቀት አመጣ። «ሠራተኛው የተሰጠውን የአሠራር መመሪያ ባለመከተሉ» ይላል። ምስክር የሚል ቦታ ነበረው። እኔ የሥራ ፈቃዴ ሊታደስ ሁለት ወር የቀረው፣ በየወሩ ለእናቴ ብር የምልክ፣ ማኅበር የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ፈረምኩ።

ያ ፊርማ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝም እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሰው እንደነበርን አልተጻፈም። በረዶው አልተጻፈም። መመሪያው ራሱ አራት ሰው ይላል፤ ያም አልተጻፈም። አንድ እግር የተሰበረበትን ጥፋት እግሩ የተሰበረው ሰው ላይ ጣልንበት። እኔ ፈሪ ሆኜ ተፈጥሬ አይደለም። ከኋላዬ ሰው ስላልነበረ ፈራሁ። የማሻ ልጅ ብቻውን ጅብ አይፈራም ይሆናል፤ ብቻውን አለቃ ግን ይፈራል።

«ይህ የሠራተኛው ችግር ነው፤ እኔን መንገደኛውን ምን ያገባኛል?» የሚል ካለ ይስማ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2005 አላስካ አየር መንገድ በሲያትል ታኮማ ኤርፖርት በማኅበር የታቀፉ ወደ 470 የሚጠጉ የራምፕ ሠራተኞቹን በአንድ ቀን አሰናብቶ ሥራውን ባነሰ ደመወዝ ለሚሠራ ኮንትራክተር ሰጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ቀን ከዚያው ኤርፖርት ተነሥቶ ወደ በርባንክ ይበር የነበረ አውሮፕላን ከ20 ሺህ ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ሳለ ጎኑ ተቀደደ። ከ140 በላይ ሰው የያዘው አውሮፕላን ውስጥ የአየሩ ግፊት ወረደ፣ የኦክስጅን ጭምብል ወረደ። በተአምር ሲያትል ተመልሶ በሰላም አረፈ። ሲመረመር ቀዳዳው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የኮንትራክተሩ ሠራተኛ በሻንጣ መሣሪያ የአውሮፕላኑን አካል ነክቶት ኖሮ ለማንም ሳይናገር አልፎታል።

ሰውየውን መርገም ቀላል ነው። እኔ ልረግመው አልችልም፤ እኔም ፈርሜአለሁና። አውሮፕላን ነክቶ «ነካሁ» ማለት ከሥራ መውጣት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዝም የማለት ፈተና ያገኘዋል። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አያታ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ በመሬት ላይ በአውሮፕላን የሚደርሰው ጉዳት የሚያስከትለው ወጪ ካልተገታ እ.ኤ.አ. በ2035 በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ገምቷል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ቆሞ ያለ አውሮፕላን በመሬት መሣሪያ ሲመታ ነው። የአየር መንገዶቹ ባለአክሲዮኖች ይህን ወጪ ያውቃሉ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሰው ለመቅጠር ሲጠየቁ ግን «ወጪ» ይላሉ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2022 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ አንዲት የራምፕ ሠራተኛ ሞተሩ ገና እየሠራ ወዳለ አውሮፕላን ቀርባ ሞተሩ ሳባት። ሞተች። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ረዳት ሞተሩ ተበላሽቶ ስለነበር አንዱን ዋና ሞተር እንዳበራ ነው የቆመው። ከማረፉ በፊት ቡድኑ ተሰብስቦ ስለዚሁ ተነጋግሮ እንደነበር መርማሪዎቹ ጽፈዋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን በአሠሪው ላይ የጣለው ቅጣት 15,625 ዶላር ነበር። የአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ። አንባቢ ሆይ፣ ነፍስ በዚህ ዋጋ በሚገመትበት ሜዳ ላይ ሕጉ ብቻውን ይጠብቀኛል ብሎ የሚያምን ሠራተኛ የዋህ ነው። የቃል ማስጠንቀቂያ ነበር። ማስጠንቀቂያ ብቻውን ግን አይበቃም፤ «ሞተሩ እስኪጠፋ ማንም አይንቀሳቀስም፤ በረራው ይዘገይ» የሚል ሥልጣን ያለው ሰው ሜዳው ላይ ሊኖር ይገባል።

ሲያትልን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ከእኛ ልጆች በሻንጣ ጫኝነት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ገፊነት፣ በአውሮፕላን ጽዳት የማይሠሩበት ትልቅ የአሜሪካ ኤርፖርት ጥቂት ነው፤ ሲያትል ደግሞ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። እነዚያ ሠራተኞች፣ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ከሌሎች ስደተኞች ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታክ በተባለችው የኤርፖርቱ ከተማ በሰዓት 15 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፈል የሚለውን ሐሳብ በየቤቱ እየዞሩ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ እያስረዱ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። ሰባ ሰባት! አንድ ቅሬ ሰው። አላስካ አየር መንገድ ከሰሰ፣ የሥር ፍርድ ቤት የኤርፖርቱን ሠራተኞች አስወጣቸው፣ እነሱ ግን አልተበተኑም። በኦገስት 2015 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነሱም ይሠራል ብሎ ፈረደ። በአገራችን ለዘመናት «ዝም በል፤ እንጀራህን ብላ» ሲባል ያደገ ሰው፣ እንግሊዝኛው ሳይሞላ፣ በባዕድ አገር ፍርድ ቤት እስኪረታ ድረስ ተያይዞ ቆመ። ተያይዞ ስለቆመ ነው የረታው።

ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ ቁጣዬ ዞሮ ዞሮ እዚያ ነውና።

መካነ ሰላም የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ያላት ከተማ ናት፤ በዓለም አቀፍ መዝገብ ኤምኬኤስ የሚል መለያ አላት። አባቴ አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ከሜዳው የሚያባርረውን ዘበኛ ያስታውስ ነበር። «እሱ ከሌለ አብራሪው ምን ይሠራል?» ይል ነበር። እንግዲህ በእኛ ሜዳ የመጀመሪያው የራምፕ ሠራተኛ ያ ጅራፍ የያዘ ሰው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግም ጭነቱን ያነሣው ትከሻ ነበር። ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባቸዋል። ስለ ትከሻው የጻፈልን ግን የለም።

ያ ትከሻ አንድ ጊዜ ድምፅ ሲያወጣ የሆነውን አንርሳ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. በቦሌ የአየር መንገዱ ሠራተኞች የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን በራሪ ወረቀት ሲያድሉ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱባቸው። ሰዎች ሞቱ። ከቀናት በኋላ ደርግ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ኢሠአማ ፈረሰ፤ በ1969 በቦታው መንግሥት እንደፈለገ የሚያዘው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) ተተከለ። ዛሬ ቦሌ በተሳፈርን ቁጥር የምንረግጠው መሬት ሠራተኛ ወረቀት ስለያዘ የሞተበት መሬት ነው። ሐውልት አላየሁበትም።

ሕጉስ? ሕጉ በወረቀት ላይ ደግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 መደራጀትን፣ ሥራ ማቆምን፣ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ ማግኘትን መብት ብሎ ጽፏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል ይላል። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። አሠሪው የደኅንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ግዴታ አለበት። በ1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት ደግሞ ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ ያየ ሠራተኛ ከሥራው ቢርቅ ሊቀጣ አይገባም ይላል። ይህ ማለት «ቆዩ» የማለት መብት አገራችን ፈርማ ከተቀበለችው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሕግ ይዘን ሳለ ያው አዋጅ 1156 በሌላ እጁ የሰጠውን ይነሣል። የአየር ትራንስፖርትን «እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት» ብሎ ሥራ ማቆምን ይከለክላል። አስፈላጊ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እጅግ አስፈላጊ ከሆነ የሚሠሩት ሰዎች ቁጥርና ደኅንነትስ እጅግ አስፈላጊ መሆን የለበትም? የሥራ ማቆምን ዱላ ከእጁ የወሰድክበትን ሰው ቢያንስ ፈጥኖ የሚፈርድ፣ ከአሠሪው ነጻ የሆነ ዳኛ ልትሰጠው ይገባል። እኛ የሰጠነው ምንድን ነው? በነሐሴ 2010 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ዘጠኙ ታሰሩ። በአየር መንገዱ የተነሣው የሁለተኛው ማኅበር መሪዎች ደግሞ ከሥራ መባረርንና እስርን ቀመሱ፤ ጉዳያቸውን ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ይዞት እስኪጮህ ደረሰ። ይህን ያየ የራምፕ ሠራተኛ የተበላሸ ጋሪ፣ ያረጀ ፍሬን፣ የጎደለ ሰው ሲያይ ምን ይማራል? ዝምታን ይማራል። ዝምታ ደግሞ በአውሮፕላን ሆድ ሥር የተቀመጠ ቀዳዳ ነው።

«አየር መንገዱ የአገር ኩራት ነው፤ አትንኩት» የሚሉኝ ይኖራሉ። ኩራቴ ነው። በባዕድ ኤርፖርት ሜዳ ላይ ብርድ ሲቆራርጠኝ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባው ጭራ ሲያርፍ እንባዬ የመጣበት ቀን አለ። የምኮራበትን ነገር ስለምወደው ነው ሥሩ የቆመውን ሰው ቁጠሩልኝ የምለው። ታቦት የሚያከብር ሰው የታቦቱን ተሸካሚ አያደናቅፍም።

«በር ላይ ሺህ ሥራ አጥ ቆሟል፤ ያልፈለገ ይውጣ» የሚሉም አሉ። ይህን ንግግር የሚናገር ሰው ሰውን እንደ ታኮ ነው የሚያየው፤ ሲሰበር በሌላ የሚተካ። አውሮፕላን ሥር ግን አዲስ ሰው አደጋ ነው። ሞተር ከየት በኩል እንደሚስብ፣ ጎማ መቼ እንደሚንቀሳቀስ፣ ነፋስ ሲነሣ ባዶ ኮንቴይነር ወዴት እንደሚሄድ ዓይን የሚያውቀው በዓመታት ነው። ልምድ ያለውን አባርሮ ርካሹን የሚያስገባ ድርጅት የቆጠበውን ብር በቀዳዳው ይከፍለዋል። ሲያትል አይተነዋል።

በኤጀንሲ የሚቀጠረው ወጣት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። አንድ ሜዳ ላይ፣ አንድ አውሮፕላን ሥር፣ አንድ ሻንጣ በሁለት ጫፍ ይዘው የሚያነሡ ሁለት ልጆች አንዱ ቋሚ፣ አንዱ የኤጀንሲ ይሆናሉ። ደመወዛቸው ይለያያል፤ የኤጀንሲው ልጅ ከላቡ ለደላላ ይከፍላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ ይህን ብዝበዛ ደጋግሞ ሲጮህበት ኖሯል። እኔ ግን ከደመወዙም በላይ የሚያስፈራኝ ፍርሃቱ ነው። ነገ እንዳይጠራ የሚፈራ ልጅ ዛሬ «ፍሬኑ አይሠራም» አይልም። ግማሹ ብቻ የሚናገርበት ሜዳ ማንም ከማይናገርበት የሚለየው በትንሹ ነው።

«ማኅበር ፖለቲካ ነው» ለሚሉ ደግሞ የወሎ መልስ አለኝ። ቅሬ ፖለቲካ ነው? በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃሬዛ ሥር አንድ ትከሻ ነው። የቀረ ይቀጣል፤ ሀብታም ቢሆንም ይቀጣል፤ ምክንያት ያለው ይሰማል። ቅሬው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማን መጣ? ስንት ነን? የሠራተኛ ማኅበር በራምፕ ላይ ይህንኑ ይጠይቅ። አባቶቻችን የሠሩትን ነው የምንጠይቀው፤ ከውጭ የመጣ አዲስ ሃይማኖት አይደለም።

ስለዚህ የምለውን በግልጽ ልበል። ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የሚያስፈልገው ትንሹ የሰው ቁጥር በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ በአኃዝ ይጻፍ። «እንደ ሁኔታው» የሚል ቃል አይግባበት፤ ሁኔታው ሁልጊዜ በአለቃ እጅ ነውና። ቁጥሩ ካልሞላ ሥራው ይቁም፤ ያቆመውም ሰው አይነካ። አደጋ ሲደርስ ማኅበሩ በምርመራው ይቀመጥ፤ የምስክር ወረቀት ለብቻው ለፈራ ሰው አይቅረብ። ሪፖርት ያደረገ አይባረር። የኤጀንሲውም ልጅ በዚያው ማኅበር ይታቀፍ፤ ያንኑ ጫማ፣ ያንኑ የጆሮ መከላከያ፣ ያንኑ ሥልጠና ያግኝ። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ የመሬት ላይ አገልግሎት ድርጅቶችን በአንድ የደኅንነት ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል፤ ከማርች 2028 ጀምሮ ይሠራል። ዓለም የዘገየበት ጉዳይ ነው። እኛ ቀድመን ብንገኝ ማን ይከለክለናል?

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጅ፣ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለ ኤርፖርት ተወጥኗል። ሥዕሉን አይቻለሁ፤ ጣራው ያምራል፣ መስታወቱ ያበራል። እኔ ግን ሥዕሉ ላይ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ሰደርያ የለበሰውን ሰው። ስንት ይሆናል? የት ያርፋል? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሆኖ ቢቀር ለማን ይጮኻል? ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ይህ መልስ ማግኘት አለበት። ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ ሰው የሚጨመርበት ኤርፖርት አላየሁም፤ የሚቀነስበትን ግን ኖሬበታለሁ።

የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችም ከእኔ ቁጣ አያመልጡም። ደመወዝ ጠይቃችሁ መመለስ አይበቃም። ደመወዝ ወር ሳይሞላ በዋጋ ንረት ይበላል፤ የተሰበረ እግር ግን አይመለስም። ድርድር ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ መጀመሪያ የሰው ቁጥር፣ ቀጥሎ «ቆዩ» የማለት መብት፣ ከዚያ ብሩ ይምጣ። ይህን ተራ የሚገለብጥ መሪ አባሉን በደላላ ዋጋ ሸጦታል።

አክስቴ ያን ቀን ደረሰች። ሦስቱ ሰዎች ከወንዝ ማዶ እየሮጡ መጡ፤ ዘጠኝ ሞላን፤ ዳኛው «በሉ» አለ። ዳገቱ ላይ ከፊት የሚሄደው ሰው የለቀቀ ቋጥኝ አይቶ ቃሬዛውን አዞረው። ከኋላ የነበርን ልጆች ቋጥኙ ከእኛ በኋላ ሲወርድ ሰማን። ስድስት ቢሆኑ ከፊት የሚሄድ ሰው አይኖርም ነበር።

እኔ ደግሞ ዕዳ አለብኝ። በዚያ የበረዶ ሌሊት ማግስት የፈረምኩት ወረቀት በአንድ ድርጅት መዝገብ ውስጥ አሁንም አለ። ልሰርዘው አልችልም። ምስክርነቴን ግን ዛሬ በራሴ ቋንቋ፣ በአገሬ ሰው ፊት እቀይራለሁ። ባልደረባዬ መመሪያውን አልጣሰም። አራት ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁለት ነበርን። እኔ አይቻለሁ።